ወደ አማቴ ቤት የሚወርደው የጠጠር መንገድ

ባለቤቴ በሞተ በአርባው ማግስት ታላቅ ወንድሙ ቤቴ መጡ። በረንዳ ላይ ገና ካልተመለሱት የእድር ወንበሮች በአንዱ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብ አወሩ። ኅዳር ገብቶም ዝናቡ አልወጣም፣ ቡናው በምን ይደርቃል፣ የዘንድሮው ነገር እንጃ፤ እንዲህ እያሉ። ሊነሱ ሲሉ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ የመጡበትን ነገር ተናገሩ።

«እናታችንን ከእንግዲህ እኛ እንጠይቃታለን። አንቺ ብዙ ደክመሻል፤ አትድከሚ።»

በቅን ልባቸው ነው ያሉት። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እስከ በር ሸኘኋቸው። ወንበሮቹን እየደራረብኩ ቃሉን ስመልሰው ግን ከአንድ ቤት በትሕትና እየተሰናበትኩ መሆኔ ገባኝ። እኛ ልጅ አልወለድንም። እኔ ደግሞ የዚያ ሸለቆ ሰው አይደለሁም፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ ገበያ ጫፍ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ባል ከሞተ፣ ልጅ ከሌለ፣ ምራት የማን ምራት ናት? ይህን ማንም በአፉ አልጠየቀኝም። ሁሉም ግን መልሱን ያወቀው ይመስል ነበር።

እኔ አላወቅሁትም። ከሃያ ዓመት በላይ «ሃዳ» ብዬ የጠራኋቸው ሴት፣ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ በአንድ የበረንዳ ወሬ እንዴት የሰው እናት ይሆናሉ? ያን ቀን ከሐዘኔ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ተሰማኝ። ሃዳን አልተውም። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሱ ይሄድ እንደነበረ እሄዳለሁ አልኩ።

የሃዳ ቤት ከጎሬ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ሸለቆ ውስጥ በሚወርድ የጠጠር መንገድ ዳር ነው። ሚኒባስ መታጠፊያው ላይ ያወርዳል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ከዚያ ያለው ሞተር ነው፤ ሞተረኛው ደግሞ ደመና ካየ «ዛሬ አልወርድም» ይላል። ባለቤቴ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ በኋላ ሞተር ሰጥቶት ነበር። ሞተሩን ለሥራ፣ የራሱን ብስክሌት ለእናቱ አደረገው። «በሞተር ስሄድ ሰላም የምለው ሰው ሁሉ ያመልጠኛል» ይል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከመቱ ይነሳል፣ አመሻሽ ላይ እናቱ ጋ ይደርሳል፣ እሑድ ይመለሳል። እኔም ትምህርት ቤት ሥራ ከሌለኝ ከኋላው መጫኛ ላይ፣ ቀሚስ ስለለበስኩ እግሬን በአንድ በኩል አድርጌ፣ ወደ ግራ ዞሬ እቀመጣለሁ። ዳገት ሲሆን እወርዳለሁ። ጎሬ የተቀመጠችው ኮረብታ ላይ ስለሆነ ብዙውን ወርጄ ነው የሄድኩት ማለት ይቻላል።

ብስክሌቱ እሱ ከሞተ ጀምሮ ከጓሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር። አውጥቼ እየገፋሁ ገበያው አጠገብ መለዋወጫ ወደሚሸጡት ሽማግሌ ሱቅ ወሰድኩት። እኚህ ሰው አባታቸው ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ የመቱን ብስክሌት ሁሉ በአንድ ወቅት ያልጠገኑት የለም።

«ሊሸጡት ነው እትዬ?» አሉኝ።

«ልነዳው ነው ጋሼ።»

የፊቱን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ቀና አላሉም። «እስከ የት?»

«እናቱ ጋ።»

«ይሄማ ጎሬን አልፎ ነው።»

«አዎ።»

«መንዳት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

አሁን ቀና አሉ። «ደህና» አሉ፤ «ሌላው ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው።»

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደንግጬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ጎማና ካላማዳሪ ቀየሩልኝ፣ ፍሬኑን አጠበቁልኝ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ድረስ እየመጡ ያለማምዱኝ ነበር። አይይዙኝም፤ ከዳር ቆመው ይጮኻሉ።

«ጉድጓዱን አይዩ! ያዩት ቦታ ነው የሚገቡት!»

«ታዲያ ምን ልይ?»

«መሄድ የሚፈልጉበትን! በቅሎ ቢሆን እሱ ያይልዎ ነበር። ይሄ ዓይን የለውም።»

ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጉልበት እንደ ልጅ ጉልበት ቶሎ አይሽርም። ከጥቁር ቀሚሴ ሥር ጥቁር ሱሪ ለበስኩ፣ ቀሚሱን ሰንሰለቱ እንዳይበላው ከጉልበቴ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። መልኬ ምን እንደሚመስል የገባኝ፣ አንድ ጠዋት የእድራችን ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆመው ሲያዩኝ ነው። ወርጄ ሰላም አልኳቸው።

«ጥቁር ለብሶ ስፖርት ምንድን ነው?» አለች አንዷ፣ እንደ ቁጣም እንደ እዝነትም አድርጋ።

«ስፖርት አይደለም። አማቴን ልጠይቅ ነው።»

«ሚኒባስ ጠፋ?»

«ሚኒባስ ሸለቆ አይወርድም።»

«ሞተር አለ አይደል እንዴ!»

«ሞተሩ ካልዘነበ ነው።»

«ካልዘነበ!» አለች ሌላዋ፣ ሳቋን መያዝ እያቃታት። «መቱ ተቀምጦ ‹ካልዘነበ› ብሎ የሚጠብቅ ሰውማ እዚያው ያርጅ!»

የመጀመሪያዋ አልሳቀችም። «ሰው ምን ይላል? ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ» አለች። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ይህን ስጽፍም ጥቁሩን ገና አላወለቅሁም፤ ሐዘን ግን ቁጭ ብሎ ብቻ የሚደረግ ነገር ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። ቁጭ ስል የማስበው መጨረሻውን ቀን ነው። ስነዳ የማስበው ቀጣዩን ጠጠር ነው።

ታኅሣሥን በአጫጭር መንገድ ጨረስኩት። ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄጄ እመለሳለሁ፤ በሌላ ቀን ትንሽ እጨምራለሁ። በጥር መጨረሻ፣ መሬቱ ደርቆ ጠጠሩ ሲላቀቅ፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከመቱ ወጣሁ።

ያንን መንገድ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። አላውቀውም ነበር። እስከ ዛሬ ከፊቴ የነበረው የእሱ ጀርባ ነው፤ ሸሚዙ መሐል ለመሐል በላብ ሲረጥብ፣ ትከሻው ዳገት ሲጀምር ከፍ ሲል። መንገዱን የማውቀው በጎን በኩል ብቻ ነው። ስንሄድ ዋርካውን፣ ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ አልጋ፣ ጉሬዛዎቹ የሚዘሉበትን የጥላ ዛፍ አያለሁ፤ ስንመለስ ሌላውን ዳር። ከፊት ለፊት ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ስለዚህ አንድ ቁልቁለት ድንገት ከፊቴ ሲከፈት «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ስንት ጊዜ ወርጄበታለሁ መሰላችሁ። እሱ ነበር ቀድሞ የሚያየው፤ ፍሬን ሲይዝ እኔ ግንባሬ ከጀርባው ጋር ይጋጫል፣ በቃ፣ ለእኔ ቁልቁለት ማለት ያ ነበር።

የደረቀ የጠጠር መንገድ እርጥብ ከሆነው አይሻልም። ላዩ እንደ ተዘራ ሽምብራ ይንከባለላል። የፊት ፍሬን ከያዙ ይጥላል፣ ካልያዙ ይወስዳል። መሐል ለመሐል መኪና የዳጠው ጠባብ መስመር አለ፤ እሱን ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ባለ አንድ ወንዝ ወርጄ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ወደ ጎሬ ዳገቱን፣ ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ፣ ጎሬ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ዝግ አለና ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «እማማ፣ ላዩ ላይ እንጫነው?» አለኝ። «የት እንደምሄድ ታውቃለህ?» አልኩት። «የትም ይሁን፣ በዚህስ አይደረስም!» ብሎ ሳቀ። ደረስኩ።

ያልተዘጋጀሁለት ነገር የጠበቀኝ መጨረሻው ላይ ነበር።

ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወደ ሸለቆው የሚወርደው ጠጠር ሃዳ ቤት ከመድረሱ በፊት አንድ ሰፊ ኩርባ አለው። ከኩርባው ላይ የቤቶቹ ጣሪያ ሁሉ ይታያል። ስታጠፍ መንገዱን ላሞች ሞልተውታል። እጄ ደክሟል፣ ፍሬኑ በደንብ አይዝልኝም፣ ከብቶቹ ላይ መሄዴ ነው። ደወሉን ደወልኩ። አጥብቄ፣ ደጋግሜ።

ላሞቹ ገለል አሉ። ከታች ግን አንዲት ሴት ጮኸች። ከሌላ ቤት ሌላዋ ተቀበለቻት። እስክወርድ ድረስ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በዚያ ሸለቆ በብስክሌት የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ሁልጊዜ ከዚያች ኩርባ ላይ ደውሎ ነበር መምጣቱን ለእናቱ የሚነግራት። እኔ ከጀርባው ተቀምጬ ስንት ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ። እጄ ደወሉ ላይ ሲያርፍ ግን ላም እንጂ ሰው አላሰብኩም።

ሃዳ ደጅ ወጥተው ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ ዱላ የማይራመዱ ሴት፣ ዱላቸውን ጥለው፣ ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወድቆ፣ መንገዱ መሐል ደርሰዋል። አዩኝ። ብስክሌቱን አዩ። ጥቁሩን አዩ። አላለቀሱም። ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ያለቀሱት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እንደ አዲስ፣ እንደ መርዶ ቀን።

ሲመሽ እሳቱ አጠገብ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሃዳ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ የምችለውን ያህል እንድሰማ አድርገው ነገሩኝ።

«እንደ ሰው ከመጣሽ ነይ። እንደ እሱ አትምጪብኝ።»

ጠዋት ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ፤ ሜዳው ላይ እንኳ ልነዳው አልቻልኩም፣ እስከ ጎሬ ገፋሁት። ከዚያ በሚኒባስ አናት ላይ ተጭኖ መቱ ገባ። ማታውኑ ታላቅ ወንድሙ ደወሉ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«አትድከሚ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«እንግዲያው ይብቃ። አሮጊቷን ገደልሻት እኮ።»

እሳቸው ተቆጥተው አያውቁም። ያን ሌሊት ነገሩን ለመተው ወሰንኩ፤ ጠዋት ደግሞ ውሳኔዬን ተውኩት። ቀርቼ ቢሆን ኖሮ በሃዳ ልብ የምቀረው በዚያች ኩርባ ላይ እንደጮኸው ደወል ሆኜ ነው። ከዚያ ይልቅ ፊቴን ቢጠሉት ይሻላል።

መለዋወጫ ሱቁ ሄጄ ደወሉን እንዲፈቱልኝ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ለምን አላሉኝም። በመፍቻ ፈቱት፣ በጋዜጣ ጠቀለሉት፣ ከመደርደሪያቸው ላይ አስቀመጡት። «ላም ሲያጋጥምዎስ?» አሉ ብቻ።

«እጮኻለሁ።»

«እሱስ ይችሉበታል። ሜዳው ላይ ሰምቻለሁ።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለስኩ። ብስክሌቱን ከላይ መታጠፊያው አጠገብ ባለ ሰው ግቢ አስቀምጬ ሸለቆውን በእግሬ ወረድኩ። ሃዳ በር ላይ አገኙኝ። ሳሙኝ፣ አስገቡኝ፣ ወንበር አቀረቡልኝ።

ወንበሩ ነው የጎዳኝ። በዚያ ቤት ወንበር ለእንግዳ ነው፤ ለቀበሌ ሰው፣ ለሽማግሌ። እኔ እሳቱ ዳር ካለው ዱካ ላይ ተቀምጬ ጎደሬ ስልጥ ነበር የማመሸው። አሁን ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጎደሬው ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ በሳህን ቀረበልኝ። «ልርዳዎት» ስል «ተይው፣ ደክሞሻል» ይላሉ። ያቺ «ደክሞሻል» እዚያም ቀድማኝ ደርሳለች።

በሌላውም ጊዜ ሄድኩ። ወንበሩ ቀረበልኝ። ከዚያም በኋላ ሄድኩ። በማር ቆረጣ ሰሞን ግማሽ ሰፈር ጫካ ገብቶ ሳለ፣ ሃዳና እኔ ትይዩ ተቀምጠን ብዙ ሳንነጋገር ዋልን። የማወራው አላጣሁም፤ ግን ያወራነው ስለ እሱ ካልሆነ ውሸት ነበር የሚሆነው፣ ስለ እሱ ደግሞ ሃዳ አይጀምሩም፣ እኔም አልደፍርም። ተነስቼ ስሄድ «ደህና ግቢ» ይላሉ እንጂ «መቼ ትመጪያለሽ» አይሉም። ድሮ እሱን የሚጠይቁት ይህን ነበር። እኔ ሳልጠየቅ «በአሥራ አምስት ቀን» እላለሁ።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ከጎሬ በኋላ፣ ወደ ሸለቆው መታጠፊያ ሳልደርስ፣ የጠጠሩ መንገድ የሚያቋርጣት አንዲት ወንዝ አለች። በበጋ ጫማ እንኳ አታረጥብም። ያን ቅዳሜ ቡናማ ሆና ከድንጋዮቹ በላይ ትሮጣለች። ከማዶ ሁለት ሰዎች ቆመው እስክትጎድል ይጠብቃሉ። እኔም ጠበቅሁ። ስትጎድል አላየሁም። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ፣ ብስክሌቱን በትከሻዬ አነሳሁ፣ ጉድጓዱን ሳይሆን መድረስ የምፈልግበትን ድንጋይ እያየሁ ገባሁ። ከማዶ ካሉት አንዱ እየሮጠ ገብቶ እጄን ያዘኝ፤ ስንወጣ ራሱን ነቀነቀ።

እንደዚያው እስከ ወገቤ ጭቃ ሆኜ ሃዳ ቤት ደረስኩ። ወንበሩን ሊያመጡ ተነሱና ቀሚሴን አይተው ቆሙ።

«በየት መጣሽ?»

«በወንዙ።»

«ወንዙ ሞልቷል።»

«አዎ።»

«ብረቱንስ?»

«በትከሻዬ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቁጣም ነበረበት።

«ዕብድ ነሽ» አሉ። «አሁን ገና መጋቢት ነው። ሰኔ ሲገባ ምን ልታደርጊ ነው? ልትዋኚ?»

«አላውቅም። ግን እመጣለሁ።»

ደረቅ ቀሚሳቸውን ሰጡኝ፤ ለእኔ አጭር ነው። ከቀየርኩ በኋላ ዱላቸውን ይዘው በጓሮ በር ወጡ። «ነይ» አሉ።

ከቤቱ ጀርባ ቡናው አለ፣ ከቡናው በላይ ጫካው። በቡናው መሐል አንድ ቀጭን መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ የእንጨት መልቀሚያ ይመስለኝ ነበር። ሃዳ ከፊት፣ ዱላቸውን እየተከሉ፣ በየጥቂቱ እያረፉ ወጡ። የጠጠሩ መንገድ ሳይሠራ በፊት ሴቶች ለገበያ ወደ ጎሬ የሚሄዱት በዚህ ነበር አሉኝ። ሙሽራ ሆነው ሲመጡም በዚህ ነው የገቡት። ወንዟን ከምንጯ በላይ ይዞራታል፤ ይረዝማል፣ ግን አይሞላም። ወንዶች አይወዱትም፤ ለከብት አይመችም፣ ለበቅሎ ጠባብ ነው። ቅቤና ጎደሬ ተሸክማ ለምትሄድ ሴት ግን ይበቃል።

«እሱ ያውቀው ነበር?» አልኩ። ስሙን ባልጠራም፣ ስለ እሱ ሳነሳ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሃዳ ቆሙ። «እሱ ጠጠሩን ነበር የሚወደው» አሉ። «አንድ ቀን በዚህ ውሰጂኝ አላለኝም። እኔም አላሳየሁትም።» ዱላቸውን ወደ መንገዱ ጠቁመው፣ «በዚህ ብትመጪ ከጓሮ ነው የምትገቢው። ከጓሮ የሚመጣ ሰው አያስደነግጠኝም» አሉ።

ቀጥለን ወጣን። አንድ ቦታ ትልቅ ግንድ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል። ሃዳ በዱላቸው መቱት፤ ውስጡ በስብሷል። «ይሄን ነገ አስቆርጠዋለሁ» አሉ። ዳገቱ አናት አጠገብ ቀይ ጭቃ የሆነ ተዳፋት ጋ ደረስን። በነጠላ ጫማቸው ጫፍ ፈተሹት።

«እዚህ ላይ አትነጂ። ወርደሽ ግፊ። ከሰኔ በኋላ ደግሞ ከሰዓት እንዳትነሺ፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ጫካው ላይ ይተኛል፣ እጅሽንም አታይውም። ዓርብ ጎሬ እደሪ፣ ጠዋት ነይ።»

«እሺ ሃዳ።»

«ሐምሌ ላይ ከባድ ነው። ሐምሌን ከፈለግሽ ቅሪ።»

«አልቀርም።»

«እንግዲያው በሐምሌ ብረቱን ጎሬ ትተሽ በእግርሽ ነይ» አሉና ተዳፋቱን ለመውረድ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኳቸው። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር፤ ሃዳ በዱላቸው ቀጣዩን የሚያንሸራትት ቦታ እያሳዩኝ ወረድን።